አንድ እጅ ከጋሻ ጋር ወይስ ሁለት እጅ? ማርጊት ላይ ቆሜያለሁ

የማራኪ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

እንዴት አመሻችሁ? አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ኤልደን ሪንግ የሚባለው የቪዲዮ ጌም እ.ኤ.አ. በ2022 ነው የወጣው። እኔ ግን ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የአክስቴ ልጅ ለክረምቱ ላፕቶፑን ትቶልኝ ሄደ፣ ጌሙም አብሮ ነበረበት። የጀመርኩት በቫጋቦንድ ነው፤ ሰይፍና ጋሻ ይዞ የሚነሣ ተዋጊ። ቀኝ እጄ ላይ ሎንግስወርድ፣ ግራ እጄ ላይ ጋሻ። ሊምግሬቭ (የጌሙ መጀመሪያ አካባቢ) ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ በዚህ ነው የጣልኩት። ጋሻዬን ከፍ አድርጌ እጠጋለሁ። ሲሰነዝሩ እመክታለሁ። ከዚያ መልሼ እመታለሁ። ተመችቶኝ ነበር።

ከዚያ ማርጊት መጣ። የስቶርምቬል ቤተ መንግሥት መግቢያ ላይ፣ ድልድዩ ላይ የሚጠብቀው ዱላ የያዘው። ከሃያ ጊዜ በላይ ገድሎኛል። ጋሻዬ ምቱን ይችለዋል፤ የሚያልቀው ስታሚናዬ (ጉልበቴ) ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከመከትኩ በኋላ ጋሻው ይከፈታል፣ ቀጣዩ ምት ላይ አለቀ። እኔ ደግሞ እሱ ባረፈ ቁጥር አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው የምመታው። ደሙ (የቀረው ሕይወቱ) ንቅንቅ አይልም።

አንድ ጓደኛዬ ‹‹ጋሻውን ተወውና ሰይፉን በሁለት እጅ ያዝ፣ ዳሜጅህ (ምትህ የሚያደርሰው ጉዳት) በግማሽ ይጨምራል›› አለኝ። አደረግኩት። ለዓይን የሚታይ ለውጥ አላየሁም። እንዲያውም ቶሎ ቶሎ መሞት ጀመርኩ።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሁለት እጅ በእውነት ይሻላል? ወይስ መጀመሪያ ትልቅ መሣሪያ መፈለግ አለብኝ? ስትሬንግዜ (ጥንካሬዬ) 14፣ ዴክሴ (ቅልጥፍናዬ) 13 ነው። 5,000 የሚጠጋ ሩን (የጌሙ ገንዘብ) አለኝ።

ፒያሳ_ጌመር · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡31

ሁለት እጅ። አትጠራጠር። ጋሻ ይዞ የሚጫወት ሰው ቦሱን (ትልቁን ጠላት) ሳይሆን ጋሻውን ነው የሚያየው። እኔ ጋሻ ከጣልኩ ወዲህ ነው ጌሙ የገባኝ። ትልቅ ነገር ያዝ፣ ሮል (ተንከባሎ ማምለጥ) ልመድ፣ በቃ።

ቀበሌ_18 · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

የማራኪ ልጅ፣ ጓደኛህ የነገረህ ግማሹ ልክ ነው። ሌላው ግማሽ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳህ።

መሣሪያህን በሁለት እጅ ስትይዝ ጌሙ በአንድ ተኩል የሚያባዛልህ ስትሬንግዝህን ነው። ዳሜጅህን አይደለም። ያንተ 14 በሁለት እጅ እንደ 21 ይቆጠራል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ገና መጀመሪያ ላይ አብዛኛው የሎንግስወርድ ዳሜጅ የሚመጣው ከሰይፉ ከራሱ ነው። ከስትሬንግዝህ የሚያገኘው ትንሽ ነው። ስለዚህ ከ14 ወደ 21 መውጣትህ ዳሜጁ ላይ ጥቂት ነጥብ ብቻ ይጨምራል። ያልታየህ ለዚህ ነው። ዓይንህ አልተሳሳተም።

አሁን ጥቅሙ የት እንዳለ ልንገርህ። አንድ መሣሪያ ለመያዝ የሚጠየቀው ስትሬንግዝም በዚያው ስሌት ነው የሚታየው። ክሌይሞር የሚባለው ትልቅ ሰይፍ 16 ስትሬንግዝና 13 ዴክስ ይፈልጋል። በአንድ እጅ አትችለውም። በሁለት እጅ ግን 21 አለህ፣ ዴክስህም ልክ 13 ነው። አንድ ሌቭል ሳትጨምር ዛሬውኑ መያዝ ትችላለህ! ዝቫይሃንደር 19 እና 11 ነው፤ እሱም ይሆንልሃል። ትልቁ ግሬትስወርድ 31 ይጠይቃል። 21 ስትደርስ በሁለት እጅ 31.5 ይሆንልሃል፣ ትይዘዋለህ። አሥር ሌቭል ተረፈህ ማለት ነው። ያንን አሥር ሌቭል ቪጎር (የደምህ መጠን) ላይ ብታደርገው ማርጊት በሁለት ምት አይጨርስህም።

ላይኛው ጫፍ ላይም እንደዚሁ ነው። 66 ስትሬንግዝ ያለው ሰው በሁለት እጅ ሲይዝ እንደ 99 ይቆጠርለታል። ከ99 በላይም ይቆጠራል። ግን ሁልጊዜ በሁለት እጅ የሚጫወት ሰው እዚያ ከደረሰ በኋላ ስትሬንግዝ ላይ ሲጨምር የሚያገኘው ትንሽ ነው።

ክሌይሞር ከሊምግሬቭ በስተደቡብ፣ ዊፒንግ ፔኒንሱላ፣ ካስል ሞርን ውስጥ ነው። ሣጥን ውስጥ ታገኘዋለህ። ዝቫይሃንደርን ደግሞ እዚያው ፔኒንሱላ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ነጋዴ በ3,500 ሩን ይሸጣል። ገንዘቡ አለህ። ግን ክብደቱ 15.5 ነው። ከመግዛትህ በፊት የምትሸከመውን ተመልከት። ጭነትህ ከ70 በመቶ ካለፈ ሮልህ ይከብዳል፣ እንደ ጆንያ ነው የምትወድቀው። ማርጊት ላይ እንደዚያ ሆኖ መሄድ በጣም ከባድ ነው።

የማራኪ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡12

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለሦስት ሳምንት ክሌይሞርን ‹‹አልችለውም›› ብዬ ሳላስበው ቀርቻለሁ። ነገ ካስል ሞርን እሄዳለሁ።

የአዘዞው · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡50

እኔ ቁጥሩን ለእህታችን ትቼ ስለ እጅ ላውራ።

ቤታችን ሁልጊዜ እንጨት የምፈልጠው እኔ ነኝ። ምሳር በሁለት እጅ ነው የሚያዘው። ከራስህ በላይ ከወጣ በኋላ ሐሳብህን መቀየር አትችልም፤ ወይ እንጨቱን ያገኘዋል ወይ መሬቱን። ካረፈ በኋላም ነቅለህ እስክታነሣው ጊዜ ይወስዳል። ማጭድ ደግሞ በአንድ እጅ ነው። ሌላው እጅህ የምታጭደውን ይጨብጣል። ትንሽ ትንሽ ትቆርጣለህ፣ በፈለግክበት ቅጽበት ታቆማለህ። ሁለቱም መቁረጫ ናቸው፣ ሥራቸው ግን አይገናኝም። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ይሄን በደንብ ገብቷቸዋል ብዬ አምናለሁ። ትልቅ ሰይፍ ስሰነዝር የምሳሩ ክብደት ትከሻዬ ላይ ይሰማኛል።

ስለዚህ የማራኪ ልጅ፣ ዳሜጅ መቁጠር ተው። የቦሱን እረፍት ቁጠር። ማርጊት ሲመታ፣ ሲመታ፣ ሲመታ ይቆይና ትንሽ ትንፋሽ ይወስዳል። ያ ትንፋሽ ለስንት ምት ይበቃል? አንተው ነገርከን፤ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። በሎንግስወርድ አንዴ መምታትና በክሌይሞር አንዴ መምታት እኩል አይደለም። ክፍተቱ የሚፈቅድልህ አንድ ምት ብቻ ከሆነ ያ አንድ ምት ትልቅ ይሁን። አራት ምት የሚፈቅድ ቦስ ላይ ደግሞ ቀላሉ ሰይፍ ይሻላል፣ ከባዱ በዚያ ጊዜ ሁለቴ ነውና የሚያርፈው። ክፍተቱ በጣም አጭር ከሆነ ደግሞ ከባዱ ጭራሽ አይገባም፤ አንስተህ ሳታወርደው ይመታሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ማርጊት ዱላውን ወደ ላይ አንስቶ ቆም የሚልበት አለ። ቆም ሲል ሁላችንም ቀድመን ሮል እናደርጋለን። እሱ የሚጠብቀው ያንን ነው፤ ከሮልህ ስትነሣ ያገኝሃል። ዱላውን አትይ። ክንዱ መውረድ ሲጀምር ብቻ፣ ወደ እሱ አቅጣጫ ሮል አድርግ። ወደ ኋላ አይደለም።

ፒያሳ_ጌመር · ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡15

አዘዞ፣ እረፍቱን ቁጠር ያልከው በጣም ትክክል ነው። እኔ ያለ ስም ሳደርገው ነበር።

ስለ ሚዛን ግን ማንም አላነሣም። ጠላት ሁሉ የማይታይ ሚዛን አለው። ከባድ ምት በመታኸው ቁጥር ይቀንሳል፣ ሲያልቅ ይንበረከካል፣ ፊቱ ሄደህ አንድ ትልቅ ምት ታሳርፋለህ። ለረጅም ጊዜ ካልነካኸው ግን ይሞላል። ዘልለህ በከባድ ምት መምታት ሚዛን ለመስበር በጣም ይጠቅማል። ትልልቆቹ መሣሪያዎች ደግሞ ስትሰነዝር ትንንሽ ምት አያቋርጥህም። እሱ ቢነካህም ያንተ ምት ያርፋል። ሎንግስወርድ ይሄን አይሰጥህም። ሁለት እጅ የምለው ለዚህ ነው።

ጎሃ_ላይ · ረቡዕ፣ ቀን 7፡40

ሁላችሁም ከኤልደን ሪንግ እያያችሁ ነው። እኔ ስካይሪም ላይ ነው ያደግኩት። እዚያ መልሱ ሌላ ነው።

ስካይሪም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጌም ነው። እዚያ አንድ እጅና ሁለት እጅ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ አንዱን ስታሳድግ ሌላው አያድግም። ስለዚህ ምርጫው ይከብዳል። የብረት ሰይፍ መነሻ ዳሜጁ 7 ነው፣ የብረት ግሬትስወርድ 15። ከእጥፍ በላይ። መጀመሪያ ላይ ሁለት እጅ የያዘ ሰው በጣም ይቀናዋል። ዴድሪክ የሚባሉት ጠንካራ መሣሪያዎች ላይ ስትደርስ ግን ሰይፉ 14፣ ግሬትስወርዱ 24 ነው። እጥፍ መሆኑ ቀረ። የአሰነዛዘር ፍጥነቱ ግን ያው ነው፤ ሰይፍ 1 ከሆነ ግሬትስወርድ 0.75፣ ዋርሃመር (የጦር መዶሻ) 0.6። ማለትም መሣሪያው እያደገ ሲሄድ የትልቁ ብልጫ እየጠበበ ይመጣል፣ ዝግታው ግን አብሮት ይኖራል።

ኤንቻንትም (መሣሪያ ላይ የሚጨመር አስማት) አለ። እሳት የሚያቃጥል ኤንቻንት ትንሽ ሰይፍ ላይም ትልቅ ሰይፍ ላይም በአንድ ምት የሚጨምረው አንድ ዓይነት ነው። ቶሎ ቶሎ የሚመታው ብዙ ጊዜ ያቃጥላል። ሁለት ሰይፍ በሁለት እጅህ ከያዝክ ደግሞ ኤንቻንቱም ሁለት ቦታ ሆነ። እኔ በዋርሃመር ጀምሬ በሁለት ሰይፍ ነው የጨረስኩት፣ ደስ ብሎኝ።

ቀበሌ_18 · ረቡዕ፣ ቀን 8፡10

ጎሃ፣ ይሄ ኤልደን ሪንግ ላይም በሌላ መንገድ አለ። ደም የሚያፈሱ መሣሪያዎች። ኡቺጋታና የሚባለውን ሰይፍ ብትወስድ፣ በመታ ቁጥር ይጠራቀምና ሲሞላ ከጠላቱ ጠቅላላ ደም በመቶኛ ይወስዳል። ለዚህ ብዙ ጊዜ መምታት ነው የሚበጀው። ለዚህ ነው ሰዎች ሁለት ኡቺጋታና ይዘው የሚጫወቱት። ሁለተኛው እዚያው ሊምግሬቭ ላይ፣ ስቶርምሂል አጠገብ ካለ መቃብር ዋሻ ውስጥ ይገኛል።

ግን ልብ በሉ፤ ሁለት መሣሪያ በሁለት እጅ መያዝና አንድ መሣሪያ በሁለት እጅ መያዝ አንድ አይደሉም። የአንድ ተኩሉ ብዜት ለሁለተኛው ብቻ ነው። ግሬትስወርድ በሁለቱም እጅህ ለመያዝ ሙሉ 31 ስትሬንግዝ ያስፈልግሃል።

ጃንተከል_ጥላ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። እኔ ከእናንተ በዕድሜ እገፋለሁ። ጌም የጀመርኩት በዲያብሎ 2 ነው። እዚያም ይሄው ክርክር ነበር። በሁለት እጅ የያዝክ እንደሆነ የጋሻው ቦታ ይዘጋል። ጋሻ ደግሞ እስከ 75 በመቶ ምት ይመክት ነበር። ባርባሪያን የሚባለው ተዋጊ ብቻ ነበር ለሁለት እጅ የተሠራውን ሰይፍ በአንድ እጁ የሚይዘው። ያን ጊዜ የእኛ ሰፈር ልጆች ሁሉ ባርባሪያን ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ስለ ጌም ብቻ አይደለም። የእኛ አባቶች ጎራዴም ሾተልም በአንድ እጅ ነበር የሚይዙት። ለምን ይመስላችኋል? ግራ እጃቸው ጋሻ ነበረበት። ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ የተሠራ ክብ ጋሻ። ፈረስ ላይ ያለው ደግሞ ልጓምም አለበት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፈረሰኛ ቅዱሳን ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ አንድ እጅ ለመሣሪያው፣ አንድ እጅ ለፈረሱ።

ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠው ከዚሁ ከጋሻ የተነሣ ነው። ቀጥ ያለ ሰይፍ ጋሻ ላይ ይቆማል። የጎበጠው ግን በጋሻው ጠርዝ ዞሮ ከኋላ ያለውን ሰው ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ዳርክ ሶልስ ላይ ሾተል አለ፣ ገለጻውም የጋሻን መከላከል ያመልጣል ይላል። ያንን ባየሁ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ስሙንም ሥራውንም ሳይቀይሩ ነው ያስገቡት። ኤልደን ሪንግ ላይም አለ።

አውሮፓ ላይ ሁለት እጅ የሚፈልጉ ትልልቅ ሰይፎች የመጡት የብረት ጥሩሩ እየጠነከረ፣ ጋሻው እየተተወ ሲሄድ ነው። ዝቫይሃንደር የሚለው ስም ራሱ በጀርመንኛ ‹‹ሁለት እጅ›› የሚል ነው። ክብደቱም በእውነት ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ነበር። ጌሙ ላይ እንደምታዩት ተራራ የሚያክል አልነበረም።

ስለዚህ ልጄ፣ ጋሻ የያዘ ሰው ፈሪ አይደለም። ፒያሳ ያልከው ላይ በዚህ አልስማማም።

ፒያሳ_ጌመር · ረቡዕ፣ ማታ 2፡44

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ቸኩዬ ነው የተናገርኩት። የሾተሉን ነገር አላውቅም ነበር፤ እናመሰግናለን።

የአዘዞው · ረቡዕ፣ ማታ 3፡02

ጋሼ ያሉትን ተከትሎ። የማራኪ ልጅ፣ ጋሻህን አትጣለው። ግራ እጅህ ላይ ይቀመጥ። በፓድ (በእጅ መቆጣጠሪያ) የምትጫወት ከሆነ የ‹‹Y››ን ቁልፍ ይዘህ ‹‹RB››ን ስትጫን ሰይፉ ሁለት እጅ ይሆናል፣ ጋሻው ወደ ጀርባህ ይሄዳል። ደግመህ ስትጫን ይመለሳል። ውጊያው መሀል ላይ መቀያየር ትችላለህ። ሲያባርርህና ደምህን መሙላት ስትፈልግ ጋሻ። ሲያርፍ ሁለት እጅ።

ጋሻ ይዘህ ሳለህም አንድ ጥሩ ነገር አለህ። ምቱን እንደመከትክ ወዲያው ከባዱን ምት ተጫን። መልሶ መምታት ነው፣ ከተራው ምት ይልቅ ሚዛኑን ይሰብራል። እስካሁን መክተህ፣ ጠብቀህ፣ ከዚያ ቀላሉን ምት ስትመታ ከነበረ ግማሹን ጥቅም ጥለኸዋል። ግን ለመጨረሻው ምት ብቻ አድርገው። ማርጊት ተከታታይ እየመታ ሳለ መሀል ላይ ከሞከርከው ቀጣዩ ምት ያገኝሃል።

የማራኪ_ልጅ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡10

አዎ፣ ቀላሉን ነበር የምጫነው። ሁልጊዜ!

ቀበሌ_18 · ሐሙስ፣ ማታ 4፡30

ሌላ ትንሽ ነገር፣ ለኋላህ። ስቶርምቬል ውስጥ አይረን ዌትብሌድ የሚባል መሳያ አለ። እሱን ስታገኝ መሣሪያህን ወደ ሄቪ መቀየር ትችላለህ። ከዚያ ወዲያ ነው ስትሬንግዝህ ዳሜጁ ላይ በደንብ የሚታየው። የጓደኛህ ምክር ያኔ ትርጉም ይኖረዋል።

የማራኪ_ልጅ · ቅዳሜ፣ ማታ 1፡25

ተመልሻለሁ። የሆነውን በሙሉ ልጻፍላችሁ፣ ይገባችኋልና።

ሐሙስ ካስል ሞርንን ጨረስኩ፣ ክሌይሞሩን ወሰድኩ። አርብ ማታ ማርጊት ጋ ሄድኩ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሙከራዎች አንድም ጊዜ አልመታሁትም። አዘዞ እንዳለኝ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ወረቀት ይዤ ነበር። ዱላውን አሽከርክሮ ሲጨርስ አንድ ምት። ዘልሎ ከወረደ በኋላ አንድ ምት፣ ከጀመርኩ ቶሎ። የብርሃን ቢላዋውን ሲወረውር ምንም፤ እዚያ ላይ ስገባ ነበር ብዙ ጊዜ የምሞተው። ዱላውን አንስቶ ሲያቆየውና ወደ እሱ ሮል ሳደርግ ሁለት ምት። ሁለት! ለሦስት ሳምንት እዚያ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ስሸሽ ነበር።

ስድስተኛው ላይ ግማሽ ደሙን አወረድኩ፣ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ደካማ ነው፣ አብሮ ጠፋ። አዘንኩ፣ ግን ደግሞ ግማሽ ማውረድ እንደምችል አወቅኩ። ዛሬ ከሰዓት መብራቱ ሲመጣ ጀመርኩ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሚዛኑ ሁለት ጊዜ ተሰበረ። መዶሻውን ካወጣ በኋላ ግን ተጨነቅኩ፣ ክፍተቱ ይጠባል። እዚያ ወደ አንድ እጅ ተመለስኩና ጋሻዬን ያዝኩ። ክሌይሞሩን በአንድ እጅ ለመያዝ ትላንት ስትሬንግዜን 16 አድርጌው ነበር፤ ሁለት ሌቭል ብቻ። የመጨረሻውን ምት መክቼ በመልሶ ምት ነው የጣልኩት። ጋሼ፣ በጋሻ ነው ያለቀው!

እናቴ ጩኸቴን ሰምታ ‹‹ምን ሆንክ?›› ብላ መጣች።

አሁን ስቶርምቬል ውስጥ ነኝ። አዲስ ችግር መጥቷል። መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፣ ክሌይሞሩን ወደ ጎን ስሰነዝር ግድግዳ ይመታና ይመለሳል። ወደ ሎንግስወርዱ ልመለስ?

የአዘዞው · ቅዳሜ፣ ማታ 1፡40

እንኳን ደስ አለህ ወንድማለም! በጣም ነው ደስ ያለኝ።

አትመለስ። የክሌይሞር ከባድ ምት መውጋት ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ግድግዳ አይነካም። ጠባብ ቦታ ላይ እሱን ብቻ ተጫን። በሩ ጥግ የሚደበቁ አሉ፤ እዚያ በአንድ እጅ ሁን፣ ጋሻህን አንሣና ግባ።